ጨው የበዛበት ሳንኮቾ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለነረይዳ። እመቤታችን ከክፉ ሁሉ ትሰውርሽ፤ የማድሪድ ብርድ አይድፈርሽ። እኔና አባትሽ ደህና ነን፤ ከተማችን ባኒ ዝናብ አጥታለች፤ ፍየሏ ግን መንታ ወለደች።

የሠራሽው የቦሎቄ ወጥ ጨው በዝቶበት ደፋሽው አሉ። ልጄ፣ ወጥ እንዲህ አይደፋም። ከአክስትሽ ከሚኔርቫ ጋር እናታችንን በቀበርን ማግስት ተጣልተን አራት ዓመት እንደተኮራረፍን ታውቂያለሽ። ባለፈው እሁድ አባትሽ ለምኖ ለምሳ አመጣት። እኔ ከድንጋጤዬ የተነሳ ሳንኮቾው፣ ያ የሥጋና የሥራሥር ወጣችን ላይ ሁለቴ ጨው ጨምሬ ኖሯል። አባትሽ አንድ ማንኪያ ቀምሶ ውሃ ፍለጋ ሮጠ። እንባዬ መጣ።

ሚኔርቫ ቀመሰችና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ባሕሩን ነው እንዴ የቀዳሽው?» አለችኝ። በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ቃሏ ይኸው ነው። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ተነሳች፤ ከመረቁ ቀንሳ ውሃ ጨመረች፤ ካሳቫና አረንጓዴ ሙዝ ልጣ ከተተችበት።

«እስኪበስል ጨው እንዳትነኪ!»

እስኪበስል ድረስ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለ እናታችን አወራን፤ አለቀስን፣ ሳቅን። መጨረሻ ላይ ሎሚ ጠብ አደረገችበት። አሁንም ጨው ጨው ይል ነበር፤ ድስቱ ግን ተጠርጎ ተበላ።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ፤ ከበዛብሽም ጎረቤት ጥሪ፣ ብቻሽን አትብዪ።

አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ለአክስትሽ ደውዪላት። ቁጥርሽን ሰጥቻታለሁ፤ ግን ቀድማ አትደውልም፤ ኩራቷ ከእኔም ይብሳል። እጅሽ ይባረክ፣ ማዕድሽ ሰው አይጣ።

እናትሽ ኤዱቪሄስ