ወንድሜ የደበቀኝ ሳል

ጥቅምት 3፣ ማክሰኞ
ዛሬም ጅጋ ገበያ። ዛሬም የጤና ጣቢያችንን የትምባሆ ፖስተር ሰቀልሁ። ሱፍ የለበሰ ሰው፣ ሲጋራ በጣቱ፣ ከጎኑ የጠቆረ ሳንባ። ገበሬው ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ይኸ የከተሜ በሽታ ነው፣ እኛ ትምባሆውን በቅል ጋያ ነው የምናጤስ አሉኝ። ምን ልበላቸው? ከላይ የተላከልን ትምህርት ይህን አገር አያውቀውም። በአገሩ አፍ የሚናገር ሰው ያሻል። የንስሐ አባታችንን ቄስ ጥበቡን ልጠይቅ።

ጥቅምት 8፣ እሑድ
ማስታወሻዬ፣ ተሳካልኝ! ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ጥበቡ አስተማሩ። ትምባሆ የሚያጤስ አፍ ሥጋ ወደሙ አይቀበልም አሉ። እኔ የጤ/ጣቢያዋ ነርስ ከጎናቸው ቆሜ አዎ እያልሁ ራሴን እነቀንቃለሁ።
ታላቅ ወንድሜ ይርጋ ከኋላ ነበር። ሳያልቅ ወጣ። ማጤስ የለመደው በደርግ ጊዜ፣ ግንባር ላይ ነው። ከተመለሰ ዓሥራ አምስት ዓመቱ፤ እስካሁን ጓሮ ተደብቆ ያጤሳል። አውቃለሁ። አንድም ቀን ነገሩን አንሥቼለት አላውቅም። ዛሬ ሰምቷል፣ ይተዋል። ደስ ብሎኛል።

ጥር 13፣ ሐሙስ
የይርጋ ሚስት ለምለም ጤ/ጣቢያ መጣች። ደም ይተፋል አለችኝ። ሳሉ ከመስከረም ጀምሮ ነው። እስካሁን ለምን አልመጣም አልኋት። መሬት መሬት አየች። ጥቅምት ላይ ሊመጣ ተነሥቶ ነበር፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ ግን እኅቴን በሰው ፊት አላዋርዳትም ብሎ ቀረ። ቤተ ክርስቲያንም ቀረ አለችኝ።
የገና ለት አብረን በላን እኮ። እየተነሣ ይወጣ ነበር። ከብት ሊያይ መስሎኝ፤ ለካ ሊስል ነው። ነርስ ነኝ እኔ!

ጥር 17፣ ሰኞ
ፍኖተ ሰላም ራጅ ተነሣ። ወደ ባሕር ዳር ጻፉልን። አውቶቡሱ ቡሬ ለምሳ ቆመ። ምግብ አልወርድለት አለ። የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠና፣
«እታለም፣ ያን ለት አየሁሽ። ራስሽን ስትነቀንቂ።»
«ስላንተ አልነበረም፣ ወንድምዓለም።»
«እና ስለ ማን ነበር?»
ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ።

ጥር 19፣ ረቡዕ
ባሕር ዳር። ሐኪሙ ሳንባው አልቋል፣ ከጥቂት ወራት በፊት ብትመጡ ብሎ ጀመረ። ነርስ መሆኔን ሲሰማ ራጁን ወደ ፖስታው መለሰ። ቤቴ ውሰጂኝ አለኝ ይርጋ።

የካቲት 5፣ ዓርብ
የይርጋ ሠልስት። መጻፍ አልቻልሁም ነበር።
ቄስ ጥበቡ አጠገቤ ተቀመጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ልጄ፣ ለሚያጤሱት በር የከፈትሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ዘግቼባቸው ኖሯል» አሉኝ። ይርጋ ሊሞት ሲል ከንስሐው ሌላ አንድ ነገር ለምኗቸዋል፦ አብረውት የዘመቱት ልጆችም ተደብቀው ያጤሳሉ፤ እባክዎ በቁጣ አይንገሯቸው።
ሰንበቴ ላይ አብረን እንቀመጥ አልኋቸው። ስብከት ሳይሆን። ታማሚ እንዳይሸሽ እርስዎም ይናገሩ አልሁ። እሺ አሉ።

የካቲት 14፣ እሑድ
ሰንበቴው ላይ እኔ ቀድሜ ተናገርሁ። ወንድሜ ያጤስ ነበር፣ አውቅ ነበር፣ አፈርሁበት አልሁ። ቄስ ጥበቡ ይቅርታ ጠየቁ፤ ካህን ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም። ስንበተን ከይርጋ ጋር የዘመተው ሃምሳ አለቃ ደሴ እስከ በሩ ተከተለኝ። እሱም ይስላል። ደምም አይቷል። ነገ ጠዋት ጤ/ጣቢያ እጠብቅሃለሁ አልሁት። እሺም እምቢም አላለ። እስከ ሦስት ሰዓት ካልመጣ ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ እጁን ይዤ አመጣዋለሁ።