ባሌስትራው እስኪለሰልስ

ሐሙስ፣ ቢቸና

የባሌስትራው የመሐል ብሎን ተሰበረ። ናፍጣ አፍስሼበት እስኪርስ መጠበቅ ነበረብኝ፤ አልጠበቅኩም። የብሎን መፍቻውን በቧንቧ አርዝሜ ስጫነው ቀጭ አለና ግማሹ እጄ ላይ ቀረ። አሁን የዋገን መኪናዬ ኋላ ጎማ የለው፣ ባሌስትራ የለው፣ ግቢው መሐል ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

ይሄው ሦስት ሳምንት ለምን እንደምፈታታት ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ለራሴም እብደት ይመስለኛል። ይቺን የጃፓን ዋገን እንደገዛኋት ከኋላ ጭነቱን በሚሸከመው፣ በተደራረበው የባሌስትራ ብረት ላይ ሁለት ሌላ ብረት ጨመርኩባት። ለሱቄ ጨውና ስኳር የማመላልሰው በእሷ ነዋ። ጭነት ትችላለች፤ ባዶዋን ግን ትደበድባለች። ባለፈው እማን ከባሕር ዳር ሐኪም ቤት ወደ ሞጣ ስወስዳት፣ ከኋላ ተኝታ በየጉድጓዱ «ወይኔ ጎኔ» ትል ነበር። እኔ መሪ ይዤ እሰማለሁ። ጉበቷ ነው። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤቷ ትረፍ ብለዋል።

አሁን ሞጣ እህቴ ዘይነባ ጋ ናት። ወደ እኔ አመጣታለሁ ብያለሁ። በዚህች መኪና እንዲህ እንዳለች ግን አልጭናትም።

የቀረ ሥራ፦ ብሎን መፈለግ። የጨመርኩትን ሁለት ብረት ማውጣት። የኋላ ወንበር መፍታት። ፍራሽ መለካት። ለዘይነባ መደወል (ትናንትም አልደወልኩም)።

ዓርብ

ከጁምዓ ስመለስ መለዋወጫ ቤቶቹን ዞርኩ። ብሎኑ የለም። አንዱ «ከአዲስ አበባ ሲመጣ» አለኝ፤ መቼ እንደሚመጣ እሱም አያውቅም። ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ሄድኩ፣ መብራት የለም። ናሙናውን ትቼላቸው መጣሁ።

ዘይነባ ራሷ ደወለች።

«እማ ዛሬ ትንሽ ሾርባ ቀመሰች። መቼ ነው የምትመጣ?»

«መኪናዋን ልጨርስ።»

 «እሺ» አለች። 

ባለቤቴ ኸድጃ እራት ስታቀርብ «መናኸሪያው እኮ እዚሁ ነው» አለች። 

ቅዳሜ

ጠዋት መብራት መጣ፣ ብሎኑም ተቀረጸ። ደስ አለኝ። እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ!

አላቆምኩም። ሁለቱን ብረት ካወጣሁ በኋላም የቀረው በእጄ ስጫነው ጠንካራ መሰለኝ። ዋናውን፣ ረጅሙን ብረት ተሸክሜ ቀጥቃጭ ጋ ወሰድኩትና በእሳት አስግዬ፣ ጉብጠቱን በመዶሻ አስቀንሼ አመጣሁት። ገጥሜ ጎማዋን አስሬ ከድንጋዩ አወረድኳት። እንደማትደበድብ ለማየት ሁለት ኩንታል ስኳር ጫንኩባት። ዝቅ አለች። ኩንታሎቹን አወረድኩ። ዝቅ እንዳለች ቀረች! ጎማውና ጭቃ መከላከያው ተሳስመዋል።

ጋሽ ምናለን ጠራኋቸው። ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ነድተው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ጎንበስ ብለው አዩና ቀና አሉ።

«እሳት አስነካኸው?»

«አዎ።»

«ኧረ ሰይድ! የባሌስትራ ብረት እኮ ከጋለ በኋላ ተመልሶ አይነሣም። ምነው ሳትሠራው ብትጠይቀኝ? ቤቴን ከቤትህ የሚለየው አጥር ነው!»

ሳቅሁ። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሽ ምናለ መሣሪያዎቼን ሰበሰቡልኝ።

እሁድ

ጋሽ ምናለ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ጓሯቸውን ፈትሸው አሮጌ የባሌስትራ ብረት አመጡ። እሳቸውም ድሮ እንደኔዋ ያለች ዋገን ነበረቻቸው። መጠኑ ልክ ነው። ዝገቱን ፋቅን፣ በየመካከሉ ቅባት ቀባን፣ አሰርን። ከሰዓት በኋላ መኪናዋ በእግሯ ቆመች። ወንበሩን ፈትቼ ፍራሹንም ዘረጋሁ።

«እስቲ ይንዱልኝ» አልኳቸውና ከኋላ በጀርባዬ ተኛሁ። እማ የሚሰማትን ልስማው ብዬ ነው።

እስከ ገበያው ሄደን ተመለስን። ተኝቶ የሚሄድ ሰው መንገድ አያይም። የሚያየው ጣሪያውን፣ በመስኮቱ ደግሞ ሰማይና የመብራት ሽቦ ነው። ጉድጓዱ መቼ እንደሚመጣ አያውቅም፤ ጎኑን ሲነካው ነው የሚያውቀው። እማ ያን ሁሉ መንገድ እንዲህ ነበረች።

«እንዴት ነው?» አሉኝ ጋሽ ምናለ ከፊት።

«ለስላሳ ነው» አልኩና ፊቴን በክንዴ ሸፈንኩ።

ፈርቼ ነው። እዚህ ላይ ልጻፈው። ወደ ሞጣ ሚኒባስ ጠዋት ጠዋት አለ፤ መናኸሪያው በእግሬ ዐሥር ደቂቃ አይሞላም። ሦስት ሳምንት ሙሉ መኪና ሥር የተጋደምኩት የእማን ፊት ላለማየት ነው።

ሰኞ

ይህን ሁሉ ጽፌም አልሄድኩም። በቀኝ በኩል የሆነ ነገር ሲጥ ይላል ብዬ ጎማውን ደግሜ ፈታሁ። ሲጥ የሚለው የበር ላስቲክ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ዘይነባ ደወለች። እማ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ስሜን ጠርታለች። «የቀኝ ጎማውን ላስርና» ብዬ ስጀምር ኸድጃ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ነገ ጠዋት እዚያ ነው» አለችና ዘጋችው።

ተቆጣሁ። መኪና ምን ታውቂያለሽ አልኳት። እሷ ልብሴን ታጥፋለች። ሦስት ቅያሪ አደረገችልኝ፣ ብዙ ቀን እንደሚቆይ ሰው።

ማክሰኞ፣ ሞጣ

መኪናዋ ጥሩ አድርጋ መጣች። ኮረኮንቹ ላይ ሳይቀር ፍራሹ ካለበት አልተንሸራተተም። መንገዱን ሙሉ በእሷ ስደሰት ነበር፤ ስለ ሌላው እንዳላስብ።

እማ ግድግዳው ሥር ተኝታለች። ትንሽ ሆናለች። ዓይኗ ቢጫ ነው። ግን አወቀችኝ፤ አልሐምዱሊላህ፣ አወቀችኝ።

ያለ ሰላምታ ስለ መኪናዋ ጀመርኩ። ብረቱን እንዳወጣሁት፣ ፍራሽ እንዳነጠፍኩላት፣ አሁን ጎኗን እንደማያማት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«መኪና መች ጠየቅሁህ ልጄ» አለች። «በሰው መኪና ብትመጣስ ምን ነበረበት?»

ዘይነባ ጀርባዋን ሰጥታን የሌለ ነገር ትፈልግ ጀመር።

«ፈርቼ ነው እማ» አልኳት።

እጄን ያዘች። መዳፌ ላይ ያለውን ጥቁር ቅባት በአውራ ጣቷ ፈተገችው፤ አልለቀቀም።

«እኔም እኮ እፈራለሁ» አለች። «ብቻዬን ነው የፈራሁት።»

ቢቸና አልሄድም፣ ከዘይነባ ቤት አልወጣም አለች። አልተከራከርኳትም። መኪናዋ አጥር ሥር ቆማለች፤ ወንበር ስለሌላት የሰፈሩ ዶሮዎች ገብተውባታል። ተዋቸው አልኩ።

እማ እስከ ጁምዓ እንድቆይላት ለመነችኝ። እቆያለሁ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ዘይነባም እኔም እስከ ጁምዓ የቀረውን ቀን ጮክ ብለን አንቆጥርም።