ቃሬዛ የማያዞር ደረጃ

ቀን፦ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቀበሌያችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ላሊበላ

አመልካች፦ ሰብሌ ከፋለ፣ የሆቴል አልጋ አንጣፊ

ጉዳዩ፦ በጠና የታመመችው እናቴ ከተከራየሁት ቤት ሳትነሣ እንድትቆይ፣ ካረፈችም አስከሬኗ በዋናው ደረጃ እንዲወርድና ድንኳን እንዲተከል ፈቃድ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ማመልከቻዬ ርዝመት ይቅርታዎን እለምናለሁ። የመዝገብ ቤት ባልደረባዎ አንድ ገጽ ይበቃል ብላኝ አንድ ገጽ ጽፌ ነበር። ሳነበው የሌላው ሰው ጥፋት ሁሉ ተዘርዝሮ የእኔ ግን አንድም አልገባበትም። ስለዚህ ቀድጄው እንደገና ጀመርኩ።

1. አቶ በእውቀቱ የተባሉ ግለሰብ ባሠሩት ባለ ሁለት ፎቅ ቤት፣ በላይኛው ፎቅ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ከሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ዓመት በጽሑፍ ውል ተከራይቼ እኖራለሁ። ባለቤቱ ከነቤተሰባቸው ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ይኖራሉ። ምድር ቤቱን ወ/ሮ ሀፊዛ የምትባል የልብስ ነጋዴ ተከራይታዋለች። ውሉ አሥራ አራት አንቀጽ አለው። ግድግዳ ላይ ምስማር አይመታም፤ ሙቀጫ አይወቀጥም፤ እንግዳ ከሦስት ቀን በላይ አያድርም። የበሬ ቁልፍ ሁለት ነው፣ አንዱ በእኔ፣ አንዱ በአቶ በእውቀቱ እጅ ይገኛል። እሳቸው ሲመጡ ያንኳኳሉ፤ መልስ ግን አይጠብቁም።

2. ሥራዬ የሰው ክፍል ገብቶ የሰው አልጋ ማንጠፍ ነው። የእንግዳውን ዕቃ ካለበት ሳላዛንፍ አጽድቼ፣ እንዳልነበርኩ ሆኜ እወጣለሁ። ማታ ቤቴ ስገባም ያው ነኝ። ጫማዬን ደረጃው ሥር አውልቄ በእግር ጣቴ እወጣለሁ፤ ወንበር ስስብ አንሥቼ እንጂ ጎትቼ አላውቅም። አምስት ወር ሙሉ በዚያ ቤት አንድ ቀን እንኳ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ አላውቅም ብል ማጋነን አይደለም። ይህን ግን በደል ብዬ አላቀርበውም። የሰው ቤት የሰው ነው፤ ነገሩ የራሴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጽሕፈት ቤትዎን አላስቸግርም ነበር።

3. እናቴ ወ/ሮ ውባንቺ ደጀን ከፍላቂት ወረድ ብሎ ባለ ገጠር ገብስ ስታርስ የኖረች ባልቴት ናት። መስከረም ላይ ሆዷ አብጦ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ወደ ሐኪም አመጣኋት። ሐኪሙ ካያት በኋላ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ ጉበቷ እንዳለቀለት ነግሮኝ፣ ወደ ቤቷ ወስጄ የምትወደውን እንዳበላት መከረኝ። ምክሩ መልካም ነበር። ነገር ግን የአገር ቤቱ ጣራ ባለፈው ክረምት ወርዶ እናቴ በጎረቤት በረት ጥግ ስትጠጋ ነው የከረመችው። የቀረኝ የእኔው ኪራይ ቤት ነበር።

4. እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። እናቴ አልሄድም አለች። በሰው ቤት መታመም፣ ከዚያም አልፎ በሰው ቤት መሞት እሷ ባደገችበት አገር ትልቅ ነውር ነው። እኔም ጨነቀኝና ቤቱ የራሴ ነው፣ ለፍቼ የሠራሁት ነው አልኳት። ደስ አላት። አቶ በእውቀቱ በበኩላቸው ደረጃውን መውጣት ሲያቅታት አይተው በገዛ ጀርባቸው አዝለው አወጧት፤ ይህን ውለታ አልክድም። ላባቸውን እየጠረጉ ስንት ቀን እንደምትቆይ ሲጠይቁኝ ሦስት ቀን አልኳቸው። እንግዲህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ደረጃ ላይ፣ ሁለት ሰው ዋሸሁ።

5. እናቴ አልጋው ላይ እንደተቀመጠች ግድግዳውን በመዳፏ ዳብሳ መረቀችልኝ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል ከመቀነቷ ፈትታ ራስጌዋ ላይ እንድሰቅልላት ሰጠችኝ። ምስማር አጣሁ አልኳት። በማግስቱም አጣሁ፣ በሳምንቱም አጣሁ። አርባ ቀን ምስማር የታጣበት ከተማ ቢኖር የእኛው ላሊበላ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። «ቤት ሙሉ ሠርተሽ አንድ ምስማር አቃተሽ? እንዲያው ምን ዓይነት ባለሙያ ነሽ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ሥዕሉን መስኮቱ ላይ አስደገፍኩላት።

6. ኅዳር ሲገባ እህል መቅመስ ተወች። የቀብር ማኅበራችን የቅሬው ዳኛ አቶ ተክለ ሚካኤል ሊጠይቋት መጥተው ሲወርዱ ደረጃው ላይ ቆም አሉ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ከመሬት እስከ እኔ በር ሁለት ጊዜ ይታጠፋል። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በቅሬያችን ሥርዓት ሬሳ በቃሬዛ ተጋድሞ ይወርዳል እንጂ እንደ ጆንያ ቀጥ ብሎ በሰው ትከሻ አይወርድም፤ በመስኮትም አይወጣም። አቶ ተክለ ሚካኤል ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ከዓመታት በፊት አንድ ሬሳ ፎቅ ቤት ደረጃ ላይ ተቀርቅሮ ለቀስተኛው ሁሉ ያፈረበትን ቀን እስከ ዛሬ ያነሡታል። «ይህ ደረጃ ቃሬዛ አያዞርም፤ ቀድመን እንለካው» አሉኝ። እኔም አእምሮዬ በቦታው ስላልነበረ እንዳሉ ይሁን አልኩ። ለአቶ በእውቀቱም ሆነ ለወ/ሮ ሀፊዛ ግን አልነገርኩም። ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው።

7. ኅዳር 13 ቀን ረፋድ ላይ፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ አቶ ተክለ ሚካኤል ሁለት የቅሬ ሰዎች አስከትለው ባዶ ቃሬዛ ይዘው መጡ። በዝግታ እያጋደሉ፣ በክንድ እየለኩ ወደ ላይ ወጡ። ወ/ሮ ሀፊዛ ከሱቋ በር ላይ ሆና ቃሬዛ ሲወጣ አየች። ቃሬዛ ወደ ታማሚ ቤት ሲወጣ የሚያይ ሰው ምን ይላል? እሪ አለች። እናቴን ጠዋት ጠዋት አጥሚት እያጠጣች የምታጫውታት እሷ ነበረችና ከልቧ ነው ያለቀሰችው። ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተሰበሰበ። ለሆቴሉ ተደውሎ እናትሽ አረፈች ተባልኩ። በባጃጅ ስመጣ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፤ ባጃጅ ነጂውም አብሮኝ አለቀሰ።

ስደርስ ደረጃው በሰው ተሞልቷል። አቶ በእውቀቱ በራቸው ላይ ቆመው ከቅሬው ዳኛ ጋር ይከራከራሉ። ለካ ልኬቱ አልቆ ኖሯል፤ ቃሬዛው መታጠፊያው ላይ የሚዞረው የአቶ በእውቀቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ እግርጌው ሁለት ክንድ ያህል ሳሎናቸው ውስጥ ገብቶ ከወጣ ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ በዚህ ነደዋል። «ገና ቄስ ጠርቼ ጠበል ያላስረጨሁበት ቤት ነው። እኔ ያከራየሁት ለኗሪ ነው፤ ሬሳ ሳሎኔ አይገባም» ይላሉ። ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ እስከ ላይ ይሰማል።

በሩን ስከፍት እናቴ ተነሥታ፣ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ሁሉንም ሰምታለች። ጉልበቷ ላይ ወደቅኩባት። ፀጉሬን እየዳበሰች እንዲህ አለችኝ፦ «አልቅሰውልኛል፤ ሰማሁ። ደግ አደረጉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ሰብልዬ፣ የማን ቤት ነው ያለሁት?»

8. ክቡር ሆይ፣ በዚያ ቀን ስለሆነው የምከሰው ሰው የለም። የእኔ አቤቱታ ከዚያ ቀን በኋላ በሆነው ላይ ነው። እናቴ ሳሏን ደበቀች። ሳሉ ሲመጣ ጋቢዋን አፏ ውስጥ ትጎስራለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ፊቷ ጠቁሮ፣ እስኪያልፍ ትንፋሿን ትይዛለች። ውኃ ስሰጣት ወለሉ ላይ ጠብ እንዳይል በሁለት እጇ ትቀበለኛለች። ጠዋት ስትነቃ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ባለቤትየው ተነሥተዋል?» ነው። ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ጠበል አምጥቼ ልረጫት ስል ግድግዳውን እንዳላረጥበው ትከለክለኛለች። በመዳፏ የመረቀችውን ግድግዳ ዛሬ ጀርባዋ እንዳይነካው ፈቀቅ ብላ ነው የምትተኛው። ትናንት ደግሞ፣ «ደጀ ሰላም አውጪኝ። የእግዜር ቤት ኪራይ የለውም» አለችኝ። ይህን የምትለው ስልሳ ስምንት ዓመቷን ሙሉ እንግዳ ከደጇ መልሳ የማታውቅ ሴት ናት።

9. ኅዳር 15 ቀን አቶ በእውቀቱ ቤቱን እስከ ታኅሣሥ 15 ቀን እንድለቅ በጽሑፍ አስጠነቀቁኝ። ምክንያታቸው ሁለት ነው፦ የእንግዳ አንቀጽ መጣሱና ክፍሎቹ ለገና እንግዶች መፈለጋቸው። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ጥሻለሁ። ስለ ሁለተኛው ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ያንቀኛል። እኛ በገና የመንገደኛ እግር የምናጥብ ሰዎች ነን። አቶ በእውቀቱም አምና ቁምጣቸውን ታጥቀው ከአገር ማዶ የመጣ ባሕታዊ እግር ሲያጥቡ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቴም በጀርባቸው ታዝላ የገባች መንገደኛ ናት።

ሆኖም ክፉ ሰው ናቸው አልልም፣ ቢቀጡም አልወድም። ባለቤታቸው ወ/ሮ እምነት እንደነገረችኝ ቤቱን ለመጨረስ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ «የሞት ቤት» የሚል ስም ወጥቶለት እንግዳ እንዳይሸሸው ፈርተዋል። ፍርሃታቸው ይገባኛል። ከጀርባዬ ከሰሰችኝ እንዳይሉም የዚህን ማመልከቻ ግልባጭ ዛሬውኑ በእጃቸው እሰጣለሁ።

10. ሌላ ቤት አልፈለግሽም እንዳልባል፣ አራት ቤት ጠይቄያለሁ። ታማሚ አለችኝ ስል ክፍሉ ተይዟል ይሉኛል። ሳልናገር መግባት እችል ነበር። ነገር ግን ከእንግዲህ ውሸት በቃኝ። ወደ ፍላቂት እንዳልመልሳት ደግሞ የጤና ጣቢያዋ ነርስ መንገዱን አትችለውም ብላ በጽሑፍ ሰጥታኛለች። የኪራይ ውሉንና ማስጠንቀቂያውን ከነርሷ ወረቀት ጋር አያይዤ አቅርቤያለሁ።

11. ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ፦

ሀ. ማስጠንቀቂያው ለጊዜው ታግዶ እናቴ ካለችበት አልጋ ሳትነሣ እንድትቆይ፤

ለ. በእግዚአብሔር ፈቃድ ስታርፍ ቃሬዛው እስኪዞር ድረስ አቶ በእውቀቱ በራቸውን እንዲከፍቱ በሽማግሌ እንዲያነጋግሩልኝ፤ ቄሱ ቤቱን በጠበል እንዲረጩላቸው እኔ ራሴ ለምኜ አመጣለሁ፤

ሐ. ከወ/ሮ ሀፊዛ ሱቅ ፊት ለፊት ባለው ድንጋይ ንጣፍ ላይ ለሦስት ቀን ድንኳን እንዲተከል ፈቃድ እንዲሰጠኝ፤ ወ/ሮ ሀፊዛ ሱቋን እንደምትዘጋ ቃሏን ሰጥታለች፤

እንዲያደርግልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

12. ይህን ሁሉ ጽፌ ሰኞ ሳቀርብ የመዝገብ ቤት ባልደረባዎ ወረቀቱን በአክብሮት መለሰችልኝ። እግድ የሚጠይቅ ሰው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚፈልግ በቀን ወይም በወር መግለጽ አለበት፤ ካልተገለጸ መዝገብ አይከፈትም አለችኝ። ሥራዋ ነው፤ አልተቀየምኳትም። ወረቀቱን ይዤ ቤት ገባሁና ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ብዙ ቆየሁ። ልጅ ለእናቷ ስንት ቀን ብላ ትጻፍ? ባሳንሰው ሞቷን እንዳፋጠንኩ ይሆንብኛል። ባበዛው የሰው ቤት ይዣለሁ።

እናቴ ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። በዚህ ጊዜ እውነቱን ነገርኳት። እሷም፣ «የገና በዓል እዚህ አያገኘኝም ብለሽ ጻፊላቸው። እንግዶቹ ክፍላቸውን ያገኛሉ። ቃሌ ነው» አለች።

ክቡር ሆይ፣ እናቴን አያውቋትም። በክፉ ዘመን እኛ ጎመን እየቀቀልን ለጎረቤት ቃል የገባችውን የዘር ገብስ ሰፍራ የሰጠች ሴት ናት። ያለችውን ታደርጋለች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ውኃውንም አልጠጣም ብላ እየመለሰችው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ጊዜ የሚከተለው ነው፦ እናቴ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ቃሏን እንድታጥፍ የሚበቃ።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ሰብሌ ከፋለ