የመምህር ጌታሁን መንኮራኩርና ቀዩ እርሳስ

ሰኞ፣ ሰኔ 8 ቀን 1979፤ ከቀኑ 9፡30

ገጽ 41። መንኮራኩሩ አልተነሳም። ሞተሩ ገና እየተብራራልኝ ነው።

ማስታወሻዬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። መ/ር ጌታሁን ፊዚክስ ያስተምራል። ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ ጅጅጋ ከመጣ አራት ዓመቱ። ሦስቱን በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጨረሰው። 312 ገጽ፣ በእጅ የተጻፈ፣ ሌላ ቅጂ የሌለው። ትምህርት ሲዘጋ አ.አ. ለአሳታሚ ይወስደዋል። እኔ እስከ ቅዳሜ አንብቤ አስተያየቴን በጽሑፍ እሰጣለሁ ብያለሁ። የጋዜጣ ሰው ቃል ክብደት አለው ብሎ ያምናል።

ከዋክብት ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት «ጸረ-ስበታዊ ተምዘግዛጊ ገፊ» ነው። ገጽ 12 ላይ ብቻ ዘጠኝ ጊዜ። መጨረሻው ላይ የቃላት መፍቻ አለ፣ 31 ገጽ። አየሁት። መፍቻውም መፍቻ ይፈልጋል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 10፤ ከቀኑ 10፡00

ገጽ 97። ተነሳ።

ሆዳን ሻይ ቤት ተቀምጬ አነባለሁ። ሆዳን ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ወደ ሰማይ ስለሚሄዱ ሰዎች አልኳት። ስንት ቀን ነው መንገዱ? አራት ዓመት። ውሃስ? ወደ ኋላ ገለጥኩ። በ97 ገጽ ውስጥ ማንም ውሃ አልጠጣም። «ወርያ ጋዜጣ፣» አለች፣ «ሐርተሼክ የሚሄድ ሹፌር እንኳ ጀሪካኑን ሳይሞላ አይነሳም።» «ወርያ» በሶማልኛ «አንተ» ማለት ነው፤ ጋዜጣ እኔ ነኝ። በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

ቅዳሜ ምን ልጽፍ ነው? «ትጋት የታየበት» ይበቃ ይሆን?

ሐሙስ፣ ሰኔ 11፤ ጠዋት 2፡15

ጉድ ሠራሁ።

ትናንት ምዕራፍ ሰባትን ሳነብ ቀይ እርሳስ እጄ ላይ ነበር። መቼ ከኪሴ እንደወጣ አላውቅም። ሃያ ዓመት የሰው ጽሑፍ ያለ እሱ አንብቤ አላውቅም፤ እጄ እኔን አይጠብቅም። አሥራ አራት ገጽ ሰርዣለሁ። ብቸኛው ቅጂ ላይ። ዳር ዳሩን «ይውጣ»፣ «ለማን?»፣ አንድ ቦታ ደግሞ፣ ጋዜጣ ይመስል፣ «ቦታ የለም»።

በላጲስ ሞከርኩ። ወረቀቱ መጀመሪያ ሮዝ ሆነ፣ ቀጥሎ ተቀደደ።

ከቀኑ 8፡00

ከስረዛ የተረፈውን አነበብኩ። ግማሽ ገጽ። ለካፒቴኑ የሬዲዮ መልእክት ይደርሰዋል። እናቱ ሞታለች። መልእክቱ መንገድ ላይ ዓመት ፈጅቷል። መመለሻ ነዳጅ የለም።

የጌታሁን እናት ያረፉት አምና ነው። ቴሌግራሙ የደረሰው ከተቀበሩ በኋላ። ለቅሶ የተቀመጠውም እዚሁ ሆዳን ቤት። አጠገቡ ነበርኩ። ስለ ሬዲዮው ሞገድ የሚያትት አሥራ አራት ገጽ ይህን አስረሳኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 13፤ ማምሻ

ሰጠሁት። ይቅርታዬን ሳልጨርስ ምዕራፍ ሰባት ላይ ተከፈተ። ገለጠ። ገለጠ። የመጽሐፉን ሞተር ነቅለህ ጣልከው አለኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሆዳን ትሪዋን እንደያዘች ሁለታችንን አየችና የተረፈውን እንዲያነብላት አዘዘችው። አነበበ። ትሪውን አስቀምጣ ተቀመጠች። ያን ካፒቴን ማን አስተዛዘነው ብላ ጠየቀች። ማንም፣ አለ ጌታሁን። «እንግዲያ ሰው አስገባ፣ መምህር። ውሃም አስገባ፤ ለቅሶ ቤት ውሃ ያስፈልጋል።»

ጥራዙን ጠቅልሎ ሄደ። ሻዩን አልነካም። አስተያየቴንም አልጠየቀኝም።

ሰኞ፣ ሰኔ 15፤ ከቀኑ 11፡00

ጌታሁን በመንገዱ ማዶ አለፈ። በማዶ ጥላ የለም፤ ፀሐዩን መረጠ። አራት ዓመት አብረን ምሳ በልተናል። ጽሑፍ በማረም ያጣሁት የመጀመሪያው ወዳጅ አይደለም፤ ጅጅጋ ላይ ግን ሌላ የለኝም።

ስለ አዲሱ የውሃ ጉድጓድ ዘገባ ጻፍኩ፣ ሁለት ገጽ። ነገ በስልክ አ.አ. ላለው ዝግጅት ክፍላችን አነበዋለሁ። ቤት ስደርስ የለም። ሆዳን ቤት ጠረጴዛ ላይ ሳልረሳው አልቀርም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16፤ ጠዋት 3፡40

ዘገባዬ ተገኘ። ቀይ ሆኖ።

ሆዳን ናት የሰጠችኝ። ትናንት መምህሩ መጥቶ ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶ ረጅም ሰዓት ተቀመጠ አለች፤ ሁለት ሻይ ጠጣ፣ ሁለት ጊዜ ሳቀ። «ሰፊውን ሕዝብ ከማስተባበር አኳያ» የለም። «የምርት ግንባታውን ዘርፈ ብዙ እንቅስቃሴ» የለም። ዳር ላይ የእኔን እጅ ጽሕፈት አስመስሎ «ለማን?» ይላል። አራት ቦታ። ከሁለቱ ገጽ የተረፈው ይህ ነው፦

«ጉድጓድ ተቆፈረ። ውሃ አልወጣም።»

የሆነውም ይኸው ነው። መምህሩ አንብቦላት ኖሮ፣ ሆዳን፣ እስከዛሬ ከጻፍከው የገባኝ ይህ ብቻ ነው አለችኝ።

ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፦ የቃላት መፍቻውን ራሱ አውጥቶታል። ምዕራፍ ስምንትን ዛሬ 10 ሰዓት ያመጣል። እርሳሴን ቀርጬ እንድመጣ።

አ.አ. በ4 ሰዓት ይደውላሉ። ሁለት ዓረፍተ ነገር አነባለሁ። ተረኛው አዘጋጅ ቀሪውስ ይለኛል። አለቆች አይወዱትም። ቀሪ የለም እላለሁ። ከዚያ ምናልባት—

ስልኩ ጠራ።