ሳላውቀው ቆዳ ፋብሪካ ስለ መሆኔ

መጋቢት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ስጦታው
የዋርካ ሜዳ ከተማ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ስለተደረገልኝ ጥበቃ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ጤና እመኛለሁ። ማኅተሙ በዚህ ሰሞን ብዙ ስለሠራ ጥቂት ዕረፍት ቢያገኝ ደስ ይለኛል።

እኔ ገብረ ክርስቶስ ይታገስ፣ በቢቸናና በሞጣ መካከል ባለችው ከተማችን፣ ሻሺት ወንዝ ዳር፣ ሃያ ስድስት ዓመት ብራና ስፍቅ የኖርሁ ሰው ነኝ። የፍየል ቆዳ በውኃ እነክራለሁ፣ በእንጨት ላይ እወጥራለሁ፣ በቢላዋ እፍቃለሁ፤ ሲደርቅ ጸሐፊዎች ይጽፉበታል። ሥራዬ ይኸው ነው። ይህን የምዘረዝረው የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ አቶ እዮብ በጥር ወር ሊጎበኙኝ በመጡ ጊዜ ሦስት ጊዜ አስረድቻቸው በቅጹ ላይ የተሞላው ሌላ ነገር ሆኖ ስላገኘሁት ነው። አቤቱታ እንዳይመስልብኝ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

1. ስለ ዕድገቴ አመሰግናለሁ። አቶ እዮብ በያዙት ቅጽ ውስጥ ብራና የሚል ቃል ስላልነበረ ለሥራዬ ይቀርባል ብለው ምልክት ያደረጉት “ቆዳ ፋብሪካ” በሚለው ላይ ነው። ጠዋት አንድ ቢላዋና አራት መወጠሪያ ይዤ ወደ ሥራዬ የገባሁ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ፋብሪካ ሆኜ ወጣሁ። በቀን ስንት ፈረቃ እንደማሠራ፣ ቦይለሬ የት እንደ ተተከለ፣ በዓመት ስንት ኩንታል ክሮም እንደምጠቀም ተጠየቅሁ። ክሮም ምን እንደ ሆነ መልሼ ብጠይቅ “መረጃ ለመስጠት ፈቃደኛ ያልሆነ” ተብሎ ተጻፈልኝ። አቶ እዮብን አልወቅስም፤ ትሑት ወጣት ናቸው፣ አገራቸው ሩቅ ነው፣ ብራና አይተው እንደማያውቁም በግልጽ ነግረውኛል። እኔን የገረመኝ እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ በብራና ዳዊት የደገሙት እርስዎ ያንን ቅጽ አንብበው መፈረምዎ ነው።

2. ስለ ሕጉም አመሰግናለሁ። ፋብሪካ ከሆንሁ ዘንድ ፈቃድ ባለው አማካሪ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አስጠንቼ እንዳቀርብ፣ የፍሳሽ ማጣሪያም እንድተክል በሠላሳ ቀን ገደብ ታዘዝሁ። ሕጉን አስፈልጌ አነበብሁት፤ ጥሩ ሕግ ነው። ወንዝ የሚበክል ይጠየቅ ይላል፣ እኔም ይጠየቅ እላለሁ። ይሁን እንጂ ከእኔ ቤት በላይ፣ መቶ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ የአቶ ፋንታ ላቫጆ አለ። ከሞጣ የሚመጣው አይሱዙና ሚኒባስ እዚያ ይታጠባል፣ እዚያው ዘይት ይቀይራል፤ የተቃጠለው ዘይት ከነሳሙናው በቦይ ወደ ሻሺት ይወርዳል። ያ ውኃ እኔ ዘንድ ሲደርስ ላዩ ያብረቀርቃል። ቆዳ ስነክርበት ዘይቱ ይገባበታል፣ ዘይት የገባበት ብራና ደግሞ ቀለም አይዝም። ቁም ጸሐፊው መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ባለፈው ዓመት ሦስት ቅጠል መልሰውልኛል፤ አንድም ክፉ ቃል ሳይናገሩ ጠቅልለው ስለ መለሱልኝ ይበልጥ አፈርሁ። ይህንንም በቃልም በጽሑፍም አመለከትሁ። የተሰጠኝ መልስ የአቶ ፋንታ ድርጅት “አገልግሎት ሰጪ” በሚለው ምድብ ስለሚገኝ ጥናት አይጠየቅም የሚል ነው። እንግዲህ የእርሳቸውን ዘይት እኔ አጣርቼ ለወንዙ እንዳስረክብ መታዘዜ ገብቶኛል፣ ለተጣለብኝ እምነት ምስጋናዬ ይድረስልኝ።

3. ስለ እሽጉ። ገደቡ ሲያልፍ፣ የካቲት 24 ቀን፣ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ መጥቶ ብራና የምፍቅበትን ቤት አሸገ። በውስጡ ሦስት ቆዳ ተወጥሮ፣ ዐሥራ አንድ ቆዳ በገንዳ ተነክሮ ነበር። የተነከረ ቆዳ በጊዜው ካልወጣ ይበሰብሳል። ይህንን በሩ ላይ ቆሜ፣ ቁልፉን በእጄ ይዤ ለኮሚቴው አስረዳሁ፤ ገንዳውን ብቻ ላውጣ ብዬም ለመንሁ። የታሸገ ንብረት ማንቀሳቀስ በሕግ ያስጠይቃል ተባልሁ። በዚያ ሰዓት በሩ ገና አልታሸገም ነበር።

በስምንተኛው ቀን ሽታው አጥር አልፎ ወጣ። ከእኔ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ሃያ ዓመት ሲኖሩ አንድ ቀን ቅር ብሏቸው የማያውቁት ወይዘሮ ውበቴ፣ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው የሰፈሩን ፊርማ አሰባሰቡ። እውነታቸውን ነው፤ ቤታቸው ውስጥ ምግብ መቅመስ አልቻሉም። እኔም ፈረምሁ፣ ሰባተኛው ፊርማ የእኔ ነው። የፈረምሁት በሩ ተከፍቶ ገንዳው ይውጣ ብዬ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ግን ድርጅቱ መጥፎ ሽታ እንደሚያወጣ በባለቤቱ ፊርማ ጭምር መረጋገጡን ጠቅሶ እሽጉን ላልተወሰነ ጊዜ አራዘመው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከቤቴ ጎረቤት የሚያስለቅቅ ሽታ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው፣ ያመረተውም አካባቢ ጥበቃ ነው።

4. ስለ ቅልጥፍናው። እሽጉ የሚነሣው ያሸጉት ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ባሉበት ነው ተብያለሁ። አንዱ ወደ ሞጣ ተዛውረዋል፣ አንዷ ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ ናቸው። ሥልጠናው ቀልጣፋ አገልግሎት ስለ መስጠት መሆኑን ሰምቼ ተጽናንቻለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ቁጥር ልሰጠው ያልቻልሁት አንድ ነገር ቀርቷል። እነዚያ ዐሥራ አራት ቆዳዎች የእኔ አይደሉም። መርጡለ ማርያም አካባቢ ያለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያዋ አፍስሶ ድጓዋ ስለ ተበላሸ፣ ምእመናኑ ለቅበላ ያረዱትን ፍየል ቆዳ እንዳይቀደድ ተጠንቅቀው ገፍፈው፣ አዲስ ድጓ ይጻፍልን ብለው አምጥተውልኝ ነበር። እያንዳንዱ ቆዳ ከየትኛው ቤት እንደ መጣ አውቃለሁ፤ አንዱ አንዲት ፍየል ብቻ የነበረቻቸው መበለት የሰጡት ነው። እነዚህ ሰዎች መጥተው ሲጠይቁኝ ምን እንደምላቸው አላውቅም። ወደ ሌላ ብራና ፋቂ ሂዱ እንዳልል በከተማችን ሌላ የለም። ተናድጃለሁ፣ ከንዴቴም በላይ አፍሬአለሁ፤ ያጠፋሁት ሳይኖር ማፈሬ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል። የምለምነው በሩ እንዲከፈትና ሥራዬ በገዛ ስሙ እንዲጻፍ ብቻ ነው።

የጽሕፈት ቤትዎን መልካም ፈቃድ በራፌ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ዘወትር ማለዳ የማነብ፣ ለሕጉ የታዘዝሁ፣ ለቅጹ ግን ያልተመቸሁ፣ ቦይለር የሌለኝ አክባሪዎ፣

ገብረ ክርስቶስ ይታገስ
የቀድሞ ብራና ፋቂ

ግልባጭ፦
– ለአቶ እዮብ፣ ከሰላምታ ጋር
– ለሚያነብ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቤቴ ከታሸገ ወዲህ ሥራ ፈትቼ ቢያዩኝ አቶ ፋንታ አዝነው ላቫጆው ውስጥ ቀጥረውኛል። ክፉ ሰው አይደሉም፣ የከለከላቸው የለም እንጂ። ባለፈው ሐሙስ ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የደረሰኝ መኪና በሩ ላይ “ወንዞቻችንን እንጠብቅ” ተብሎ የተጻፈበት የጽሕፈት ቤትዎ ፒካፕ ነበር። አጠብሁት። ሾፌሩ ዘይትም እንድቀይር አዘዙኝ፣ ቀየርሁ። አሮጌውን ዘይት ወዴት ላድርገው ብዬ ብጠይቃቸው በእጃቸው ቦዩን አሳዩኝ፣ አፈሰስሁት። ሻሺትን በእጄ ስበክል ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነው፤ ማንም ፈቃድ አልጠየቀኝም።