ቄስ ሞላ ስብሰባ ሲመርቁ

ሰቆጣ፣ ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ዛሬ የቀበሌውን የእርዳታ ስንዴ ስብሰባ ልዘግብ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ የተረጂዎቹን ስም ዝርዝር ከማጽደቁ በፊት፣ እንደ ልማዱ ቄስ ሞላን «አባ፣ ይመርቁን» አላቸው። ሁላችንም ቆምን።

«አገራችንን ሰላም ያድርግልን።»

«አሜን!»

«ዝናሙን በወቅቱ ያምጣልን።»

«አሜን!»

«‹ልጇ ሳዑዲ አለ› ተብላ ከዝርዝሩ የተሰረዘችውን፣ ልጇ ግን አንድ ቀን እንኳ ያልደወለላትን መበለት ዘነቡን ዛሬ ያስመዝግብልን።»

«አሜን!» አለ አዳራሹ። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የሊቀ መንበሩ ድምፅ ነበር። ወዲያው ዓይኑ ፈጠጠ።

«አባ፣ ይሄ እኮ አቤቱታ ነው! ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩ ናቸው።»

«ልክ ነህ ልጄ። ለመንግሥት ሦስት ጊዜ አስገባሁ፤ ሦስቴም ወረቀቱ ጠፋ። የዛሬውን ለእግዚአብሔር አስገባሁት። አንተም በአፍህ አጸደቅህልኝ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወይዘሮ ዘነቡ ብቻ አልሳቁም። ከኋላ ቆመው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሊቀ መንበሩን ያዩታል። እሱም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ያለውን አሜን እንዴት ይመልሰው? «በል ጻፋቸው» አለው ጸሐፊውን።

ጸሐፊው ጻፈ፤ ግን በእርሳስ። የእርሳስ ጽሑፍ ደግሞ ቢሮ እስኪገባ ነው የሚቆየው። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ በምዘግበው ነገር እጄን አስገብቼ አላውቅም። ዛሬ እስክሪብቶዬን አውጥቼ ሰጠሁት። ደገመበት።

አሁን ዜናውን ልጽፍ ተቀምጫለሁ። እስክሪብቶ ያዋሰውን ሰው ማን ልበለው?