ሴቶቹን ልጆች ያስላጨሁ ዕለት

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ወንድሜ ለጋሼ ሣህሌ፣ ደብረ ብርሃን።

ጤናዎ እንዴት ነው? እትዬ ሙሉዬስ እንዴት ናቸው? ወገባቸው ተሻላቸው ወይ? የእናታችን ዓይንስ? ብርዱ በርትቶባችሁ ይሆን? እኔ ዐሥር ጊዜ ብዕር አንስቼ ዐሥር ጊዜ ያስቀመጥኩት እህትዎ ሸዋዬ በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽዎም። ልጅዎ ፅጌረዳ በሕይወት አለች፤ ይህን ስጽፍ በራፉ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። ይህን አስቀድሜ የነገርኩዎ ልብዎ እንዳይደነግጥ ነው። ቢሆንም ደብዳቤውን ሳይጨርሱ እንዳያጥፉት አደራ።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። በማስተምርበት ሁለተኛ ክፍል ልጆቹ ሲጽፉ አንድ እጃቸው ከደብተር፣ አንድ እጃቸው ከራሳቸው አይለይም ነበር። አንድ ጠዋት ከዲጃን ሰሌዳው ፊት አቁሜ ሳስነብባት፣ ከሹሩባዋ ሥር ቅማል ወርዶ በአንገቷ ሲሄድ አየሁ። ከዲጃ ከገበያው ዳር ጨርቅና ስኳር የሚሸጠው የረዲ ልጅ ናት፤ ንጽሕናዋ የሚያስቀና ልጅ ነበረች። እሷ ከያዛትማ ማን ይተርፋል ብዬ ሁሉንም በተራ ባይ፣ ከአርባ ሦስቱ ልጆች ቅማልና ቅጫም ያልተገኘባቸው ስድስቱ ብቻ ሆኑ። የእርስዎ ፅጌረዳም ነበረባት። ከአስተማሪዋ ጋር በአንድ ቤት እያደረች! እፍረቱ ገደለኝ።

መጀመሪያ በሚዶ አበጠርናቸው። አልጠፋ ሲል እናቶች ላምባ ይቀቡላቸው ብዬ ላክሁ። አንዷ እናት ልጇን ላምባ ቀብታ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጠቻትና ልጅቱ ለጥቂት ከእሳት ተረፈች፤ ላምባውንም ተውነው። በመጨረሻ ዲሬክተራችን ወንድ ሴት ሳይባል ሁሉም ይላጭ ብለው አዘዙ። ለሰው የምናገረው እንዲህ ብዬ ነው። ለእርስዎ ግን እውነቱን ልናገር፤ ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ።

ኅዳር በታጠነ ማግስት፣ ኅዳር 13 ቀን፣ ምላጭና ሳሙና ይዘን ግቢው ውስጥ ተሰለፍን። ወንዶቹ እየሳቁ ተላጩ። ሴቶቹ ግን አንዷም አልሳቀችም። ሴት ልጅ ራሷን የምትላጨው ለሐዘን መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ይንቃል ብዬ ነው። ዐሥራ አራቱን ሴቶች ልጆች በገበያው በኩል ወደየቤታቸው ስሸኛቸው ሻጩም ገዢውም ቆሞ አየን። ከጭላሎ በኩል ቅቤ ይዛ የወረደች አንዲት ባልቴት ቅሏን መሬት አስቀምጣ በኦሮምኛ፣ «እናንተ ልጆች፣ ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለቻቸው።

«ማንም አልሞተብንም» አሉ።

ባልቴቷ አንድ በአንድ አየቻቸውና፣ «እንግዲያው ገና ነው» አለች።

በማግስቱ የከዲጃ እናት ሀሊሜ ክፍል ድረስ መጥታ፣ «መምህርት፣ በሰላም ቀን ልጄን የለቅሶ መልክ አለበስሻት» ብላኝ ሄደች። ለጤናዋ ነው ብዬ ከኋላዋ ብጣራም ዞር አላለችም።

የአሰላ የኅዳር ውርጭ አጥንት ይሰብራል። ልጆቹ ሲበርዳቸው፣ ሴቶቹም ሲያፍሩ፣ ከየቤታቸው ያገኙትን እየተከናነቡ መምጣት ጀመሩ፤ የአባት ጋቢ፣ የአያት ኩታ፣ አንዷማ ከአቦምሳ ታሞ የመጣ እንግዳ የተኛበትን ቡሉኮ። በዕረፍት ሰዓት ሦስትም አራትም ሆነው በአንድ ጋቢ ይጠቀለላሉ። ፅጌረዳና ከዲጃ ከአንድ ጋቢ አይለያዩም ነበር። እኔ በመስኮት አይቼ መዋደዳቸው ደስ ብሎኝ ሳቅሁ፤ ጋሼ፣ ሳቅሁ!

በሳምንቱ ስድስት መቀመጫ ባዶ ሆነ። በማግስቱ ዐሥራ አንድ። የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ገብረሥላሴ ተጠርቶ መጣና ከልጆቹ ራስ ይልቅ ልብሳቸውን እየገለበጠ ያይ ጀመር። ከአንዱ ጋቢ ጠርዝ ላይ ቅማል በጥፍሩ ለቅሞ አሳየኝ። «የራስ ቅማል ያሳክካል እንጂ አይገድልም» አለኝ። «ግርሻን የሚያመጣው ይኼ በልብስ ውስጥ የሚያድረው ነው። ራስ ከምትላጩ ልብስ ብትቀቅሉ ይሻል ነበር።» ትምህርት ቤቱ የዚያኑ ዕለት ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ በየደጁ ልብስ በበርሜል ይፈላል።

ግርሻ እንደ ስሙ ነው። አምስት ስድስት ቀን ያነድድና ላብ አጥምቆ ይለቃል፤ ቤተሰብም ተመስገን ይላል። ሳምንት ቆይቶ ግን ይመለሳል። ከዲጃን ሲለቃት ረዲ በግ አርዶ ጎረቤት ጠራ፤ እኔም ሄድኩ። ልጅቱ እጄን ይዛ፣ «ትምህርት መቼ ይከፈታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ምናልባት ከሰኞ በኋላ አልኳት። ቅዳሜ ተመለሰባት፤ ሰኞ ቀበርናት። ለቅሶው ላይ ሀሊሜ ስታየኝ አልተቆጣችም፤ ከአጠገቧ ፈቀቅ ብላ የምቀመጥበት ቦታ ሰጠችኝ። ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር።

ፅጌረዳን ኅዳር 28 ያዛት። ስድስት ቀን ሙሉ ስሜን እንኳ አላወቀችም፤ እርስዎን ስትጠራ ነበር። ከዲጃን በቀበርንበት ዕለት ላብ አጠመቃትና ለቀቃት። እነሆ ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። ትበላለች፣ ትጫወታለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ማረልሽ ይለኛል። እኔ በየጊዜው ግንባሯን እዳስሳለሁ።

ገብረሥላሴ መርፌውን ብታገኝ ዳግመኛው አይበረታባትም ይላል። እዚህ ያለው ግን አልቋል፤ ሁሩታም ዲክሲስም ሰው ተልኮ የለም ተብሎ ተመለሰ። የመድኃኒቱን ስም በዚህች ቁራጭ ወረቀት ጽፎልኛል። አዲስ አበባ ላይ ገዝተው፣ ይህን ደብዳቤ ከሚያደርስልዎ ከሹፌሩ ከሀይሉ ጋር ይምጡ። ከመጡ በኋላ የሚሉኝን ሁሉ እሰማለሁ። አደራ ሰጥተውኝ አደራዎን እንዴት እንደያዝኩት እኔው አውቀዋለሁ።

ለእናታችን ስለ ልጅቱ ምንም እንዳይነግሩ፤ ጉልበቷን ስመው ሸዋዬ ትጸልይልኝ ብላለች ይበሉልኝ። እትዬ ሙሉዬን በእጅጉ ሰላም ይበሉልኝ፤ ፊታቸውን የማይበት ዓይን የለኝም። አሰግድን በትምህርቱ እንዲበረታ ይምከሩልኝ፣ ትንሿን ወለላን ሁለቱን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ደጉንና የጎረቤቱን ሰው ሁሉ እንደምን ከርማችኋል ይበሉልኝ።

እህትዎ ሸዋዬ
አሰላ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1952 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ሀይሉ መኪናውን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው። ወረቀቱን ላሽግ ስል ፅጌረዳ ከፀሐዩ ተነስታ ገባችና፣ «እትዬ፣ በረደኝ» አለችኝ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው፤ ውጭው ይፋጃል። ፈጥነው ይድረሱልኝ።